ክረምት፣ ብርድና የባሕር ማዶ ሰዓት፦ ከወሎ ቤተሰቦች ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ደሴ፣ ኮምቦልቻ፣ ሐይቅ፣ ወልድያ፣ ቆቦ፣ ላሊበላ፣ ከሚሴ፣ ባቲ ያላችሁ፣ ውጭ ሆናችሁ ወደ ቤት የምትደውሉም ጭምር፣ ስለ ቤት ውሎና ስለ ሰዓት የምትጠይቁት ነገር ተመሳሳይ ነው። እዚህ ሰብሰብ አድርጌዋለሁ። ከላይ እስከ ታች ማንበብ አይጠበቅባችሁም፤ የሚመለከታችሁን ፈልጋችሁ አንብቡ።

እኛ አገር ሰዓት አይቀየርም። ታዲያ ምኑን ነው የምናስተካክለው?

እውነት ነው፣ እኛ ጋ በበጋም በክረምትም ሰዓት አይነካም። የሚነካበት ምክንያትም የለም። ደሴ ከምድር ወገብ በስተሰሜን 11 ዲግሪ ገደማ ላይ ናት። በዓመቱ ውስጥ በረጅሙ ቀንና በአጭሩ ቀን መካከል ያለው ልዩነት አንድ ሰዓት ከሩብ አካባቢ ብቻ ነው። ስዊድን ወይም ካናዳ ያለ ዘመድ ካላችሁ ጠይቁት፤ እዚያ በብርዱ ወቅት ልጅ በጨለማ ወጥቶ ሊመሽ ሲል ይመለሳል፣ በሙቀቱ ወቅት ደግሞ ሊተኛ ሲሄድ ፀሐይ አልገባችም። ለእነሱ ሰዓት መግፋትና መመለስ ቢያንስ ስሜት ይሰጥ ነበር። አሁን አሁን እነሱም ሰልችቷቸዋል፤ የአውሮፓ ፓርላማ በ2019 እ.ኤ.አ. ይቅር ብሎ ድምፅ ሰጥቶ ነበር፣ እስካሁን ግን አልቀረም።

የኛ ቤት ውሎ ግን በሰዓት ብቻ አይሄድም። በዝናብ ይሄዳል፣ በብርድ ይሄዳል፣ በጾም ይሄዳል፣ በትምህርት ቤት ደወል ይሄዳል፣ ከሪያድ በሚመጣ ስልክ ይሄዳል። እነዚህ ደግሞ በዓመት ውስጥ ብዙ ጊዜ ይገለባበጣሉ። እኔ የምለው አንድ ነገር ነው፦ ቤተሰቡ ጠዋት የሚነሳበትን ሰዓት ዓመቱን ሙሉ አንድ አድርጉትና ሌላው እንደ ወቅቱ ይንቀሳቀስ። ምግቡም፣ እጥበቱም፣ ጥናቱም፣ ስልኩም ይንቀሳቀስ። መነሻው ሲላላ ነው ሁሉም ነገር የሚፈርሰው።

ፀሐይ በየትኛው ወር ስንት ሰዓት ላይ ትወጣለች? ጥር ላይ ጠዋቱ ለምን እንዲህ ይጨልማል?

ለደሴ በደፈናው እንዲህ ያዙት። ግንቦት መጨረሻ ላይ ከጠዋቱ 12 ሰዓት ሲል ትወጣለች። ጥር አጋማሽ ላይ፣ ጥምቀት ሰሞን፣ 12 ሰዓት ከ45 ይሆናል። ማታ ደግሞ ኅዳር ላይ 12 ሰዓት ሳይሞላ ትጠልቃለች፣ ሐምሌ ላይ እስከ 12 ሰዓት ከ45 ትቆያለች። ይህ ሜዳ ቢሆን ነው። ደሴ እንደምታውቋት ተራራ የከበባት ከተማ ናት፤ ገደል ሥር ወይም ጦሳ ተራራ ሥር የተሠራ ቤት ፀሐይ ወይ ዘግይታ ትደርስለታለች ወይ ቀድማ ትለየዋለች።

ሁለት ነገር ሰውን ያደናግራል። አንደኛ፣ ክረምት ጨለማ ስለሚመስል ቀኑ አጭር ነው የሚል ብዙ ነው። ተቃራኒው ነው። ረጅሙ ቀን ሰኔ 14 አካባቢ ነው፤ የሚያጨልመው ደመናውና ጉሙ ነው። ሁለተኛ፣ አጭሩ ቀን ታኅሣሥ 12 አካባቢ ሆኖ ሳለ ጠዋቱ በጣም የሚዘገየው ጥር ላይ ነው። ምድር ፀሐይን የምትዞርበት መንገድ ሙሉ ክብ ስላልሆነና ምድር ራሷ ዘንበል ስላለች፣ ፀሐይ አናት ላይ የምትደርስበት ሰዓት ከወር ወር ይንሸራተታል። ደሴ ላይ ጥቅምት መጨረሻ ገደማ ከቀኑ 6 ሰዓት ከ5 አካባቢ ነው፣ የካቲት መጀመሪያ ላይ 6 ሰዓት ከ35 ይሆናል። ለዚህ ነው የጥር ጠዋት ልጅ መቀስቀስ እንዲያ የሚከብደው። ልጁ ሰንፎ አይደለም፣ ውጭው ገና አልነጋም። መብራት አብሩለት፣ መጋረጃ ግለጡ፣ ፊቱን ለብ ባለ ውኃ ይታጠብ። ሌላ ዘዴ የለውም።

ክረምቱን እያመሸ ከርሞ መስከረም ላይ አልነሳ ይለኛል። ምን ላድርግ?

ይሄ ጥያቄ በየዓመቱ ነሐሴ መጨረሻ ላይ ነው የሚመጣው፣ መምጣት የነበረበት ግን ነሐሴ አጋማሽ ላይ ነበር። ከ6 እስከ 12 ዓመት ያለ ልጅ በቀን ከ9 እስከ 12 ሰዓት እንቅልፍ ያስፈልገዋል። ከ13 እስከ 18 ያለው ከ8 እስከ 10። እንግዲህ ጠዋት 12 ተኩል መነሳት ያለበት ልጅ ማታ 3 ሰዓት ላይ ተኝቶ መገኘት አለበት ማለት ነው። አልጋ ላይ ሆኖ ስልክ መነካካት አይቆጠርም።

ክረምት ላይ 5 ሰዓት ሲተኛ የነበረን ልጅ በአንድ ሌሊት ወደ 3 ሰዓት መመለስ አይቻልም። ሩብ ሰዓት ሩብ ሰዓት እያላችሁ፣ በየሁለት ቀኑ ቀድሙ። ነሐሴ 20 ላይ ከጀመራችሁ እንቁጣጣሽ ላይ ትደርሳላችሁ። ቅደም ተከተሉ ግን ከጠዋቱ ይጀምር። ማታ "ተኛ" ብሎ መጮህ ጉልበት መጨረስ ነው፤ ጠዋት ቀስቅሳችሁ ውጭ ብርሃን ላይ አውጡት፣ እንጀራ እንዲገዛ ላኩት፣ ዳቦ ቤት ላኩት፣ ማታ እንቅልፉ ራሱ ይመጣል። ቀን ላይ ረጅም መተኛትም ይቅር።

በዓል ይመጣባችኋል፣ አውቃለሁ። ላስታ ያላችሁ አሸንድዬ፣ ቆቦ ያላችሁ ሶለል ነሐሴ አጋማሽ ላይ ነው፤ ልጃገረዶቹ ሲጨፍሩ ያመሻሉ፣ ማምሸትም አለባቸው። በዓል ሲሆን ልቀቋቸው። በነጋታው ግን ከተለመደው የመነሻ ሰዓት ከአንድ ሰዓት በላይ አታስተኟቸው። መስከረም ላይ ደመራም እንደዚሁ ነው።

አንዱ ልጄ የጠዋት ፈረቃ ነው፣ ሌላዋ የከሰዓት። ቤቱ አንድ ላይ አይበላም።

ቁርስና ምሳ ላይ አትድከሙ፣ አይገናኙም። እራትን ያዙ። ሁለቱም እቤት የሚሆኑበት ብቸኛ ጊዜ እሱ ነው። ጥናቱን ግን ለየብቻ አድርጉት፦ የጠዋት ፈረቃው ከሰዓት በኋላ ምሳ በልቶ ጥቂት ካረፈ በኋላ፣ የከሰዓቷ ደግሞ ጠዋት ከ2 ሰዓት ጀምሮ። የከሰዓት ፈረቃ ልጅ "ጊዜ አለኝ" ብላ እስከ ረፋድ የምትተኛበት ቤት ብዙ ነው። ከዚያ ፈረቃው ሲቀየር እናትም ልጅም ያለቅሳሉ። ሁለቱም በተመሳሳይ ሰዓት ይነሱ።

ክረምት ላይ የቤት ሥራ ሁሉ ይደራረባል። እንዴት ይከፋፈል?

በኛ ደጋ አብዛኛውን ጊዜ የክረምት ጠዋት ፈገግ ይላል፣ ዶፉ ከሰዓት በኋላ ነው። ስለዚህ ውኃና ፀሐይ የሚፈልግ ሥራ ሁሉ ከ6 ሰዓት በፊት ይለቅ። ልብስ እጥበት ከቁርስ በፊት ይዘፍዘፍ። ዩኒፎርም ቅዳሜ ጠዋት ይታጠብ፣ እሑድ ማታ አይደለም። እሑድ ማታ የታጠበ ሹራብ ሰኞ ጠዋት ሲለበስ ምን እንደሚሸት ሁላችሁም ታውቃላችሁ፤ ምጣዱ ከወረደ በኋላ ምድጃው ዙሪያ ወንበር ደርድሮ፣ እጅጌውን እያገላበጡ ማድረቅ፣ ከዚያ ልጁ ቀኑን ሙሉ ጭስ ጭስ እያለ ክፍል መቀመጥ።

እንጀራ ሌላው ራስ ምታት ነው። ዝናብ ሲጀምር መብራት ይሄዳል፣ በኤሌክትሪክ ምጣድ የምትጋግሩ ከሰዓት ላይ አትተማመኑ፣ ጠዋት ጋግራችሁ ጨርሱ። ሊጡም በብርድ ቶሎ አይቦካም። ኮምቦልቻ ያለችው እህታችሁ በለመደችው ቀን ቆጥራችሁ ደሴ ላይ ብትጋግሩ ዓይኑ አልወጣ ይላል። አንድ ቀን ጨምሩለት፣ ዕቃውን በአሮጌ ጋቢ ጠቅልላችሁ ምድጃ አጠገብ አስቀምጡት። በርበሬ ማስጣት፣ ሽሮ እህል ማዘጋጀት፣ ኩበትና እንጨት ማስገባት ደግሞ ከሰኔ በፊት ያለቀ መሆን አለበት። በሐምሌ እርጥብ ኩበት የሚያነድ ቤት ዓይን ሲጠርግ ይውላል።

ውኃ አፍልታችሁ ጠጡ። ክረምት ላይ ጎርፉ ምንጩንም ጉድጓዱንም ያደፈርሰዋል፣ የልጆች ተቅማጥ የሚበዛውም ለዚህ ነው። ልጆቹ ከጭቃ ሲመለሱ ቦት ጫማው ደጅ ይቅር፣ እግርና እጅ በሳሙና ይታጠብ፣ ካልሲ ይቀየር። በዚህ ላይ ድርድር የለም።

ከጥቅምት ጀምሮ ሌሊቱ አይቻልም። ከሰል ቤት ማስገባት ምን ችግር አለው?

ችግሩ ይገድላል። ይህንን ጥያቄ ቀለል አድርጌ ማለፍ አልፈልግም። ከሰል ሲነድ ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባል ጋዝ ያወጣል። ቀለም የለው፣ ሽታ የለው፣ አያስነጥስ፣ አያስል። የምትሸቱት ጭስ ሌላ ነው፤ ጭሱ ጠፍቶ ፍሙ ቀይ ሲሆን "አሁን ደህና ነው" ብሎ የሚያስገባው ሰው የሚያልቀው በዚሁ ነው። በር ተዘግቶ፣ መስኮቱ በጨርቅ ተወትፎ፣ ልጆች ተደርድረው ተኝተው፣ ከሰሉ ጥግ ላይ ተቀምጦ፤ ጠዋት የሚነሳ አይኖርም። ራስ ምታት፣ ማዞር፣ ማቅለሽለሽ ከተሰማችሁ ወዲያው ወደ ውጭ አየር ውጡ፣ ሌላውንም ጎትታችሁ አውጡ፣ ከዚያ ጤና ጣቢያ።

ማምሸት ትችላላችሁ፣ በርና መስኮት ከፈት አድርጋችሁ፣ ቡናውን አፍልታችሁ። ልትተኙ ስትሉ ግን ከሰሉ ደጅ ይወጣል። ለሌሊቱ ብርድ ልብስ፣ ቡልኮ፣ ልጆችን አንድ አልጋ ላይ ማስተኛት፣ የፈላ ውኃ በጠርሙስ ወይም በጀሪካን አጥብቆ ከድኖ በጨርቅ ጠቅልሎ እግር ሥር ማድረግ ይበቃል። መስኮትን ቀን ላይ ክፈቱ፣ ፀሐይ ትግባ፣ 10 ሰዓት ሲል ዝጉት። የሕፃናትንና የአዛውንቶችን ገላ መታጠቢያ ወደ ቀኑ 6 እና 7 ሰዓት አምጡት። ጥቅምትና ኅዳር ላይ ማታ ታጥቦ መተኛት ብርድን በደብዳቤ መጥራት ነው።

እኛ ቆላ ነን፣ ይሄ ሁሉ ብርድ አይመለከተንም። ለከሚሴና ለባቲስ?

ልክ ናችሁ። ደሴና ኮምቦልቻ 25 ኪሎ ሜትር አይራራቁም፣ ግን የሐረጎን ቁልቁለት ስትወርዱ 600 ሜትር ያህል ከፍታ ትቀንሳላችሁ፣ ይህም ወደ 4 ዲግሪ የሚጠጋ ሙቀት ነው። ከሚሴና ባቲ ደግሞ ከዚያም ይወርዳሉ። ለእናንተ ከባዱ ወቅት ከመጋቢት እስከ ሰኔ ያለው ሙቀት ነው። የልጆች ጨዋታና የቤት ሥራ ከጠዋቱ 4 ሰዓት በፊትና ከ10 ሰዓት በኋላ ይሁን፣ ቀትር ላይ ይረፉ፣ እራት ዘግየት ቢል ምንም አይደለም።

የቆላው ዋናው የወቅት ጉዳይ ወባ ነው። ዝናቡ ካባራ በኋላ ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ ይበረታል። አጎበሩን በነሐሴ አውጥታችሁ እዩት፣ የተቀደደውን ስፉት። ወባ አስተላላፊዋ ትንኝ የምትናከሰው ከመሸ በኋላ ነው፤ ስለዚህ በነዚህ ወራት ልጆች ደጅ የሚያመሹበትን ሰዓት አሳጥሩ። ትኩሳት ከያዘው በዚያው ቀን ይመርመር፣ እስከ ነገ አይደርም። ደሴ ኖራችሁ መስቀልን ወይም መውሊድን ቆላ ካሉ ዘመዶች ጋር አሳልፋችሁ ከተመለሳችሁ በኋላ ልጁ ካተኮሰው፣ "ደጋ ላይ ወባ የለም" አትበሉ። የት ከርማችሁ እንደመጣችሁ ለሐኪሙ ንገሩት።

ገጠር ያለን ሰዎች ወቅቱ ልጆቹን ከትምህርት ያስቀራቸዋል።

ይሄ እውነተኛ ችግር ነው፣ በሰዓት ሰንጠረዥ ብቻም አይፈታም። ቆቦና ቃሉ አካባቢ ማሽላው ሲያፈራ ልጆች ማማ ላይ ወጥተው በወንጭፍ ወፍ ይጠብቃሉ። ወፍ የሚበረታው ጎህ ሲቀድና ወደ ማታ ነው። ትምህርት ቤቱ ፈረቃ ካለው ርዕሰ መምህሩን ቀድማችሁ በመስከረም አነጋግሩ፤ ልጁ ጎህ ላይ ጠብቆ የከሰዓት ፈረቃ ሊገባ ይችላል፣ የማታውን አባት ወይም ታላቅ ወንድም ይያዘው። ከጎረቤት ጋር በደቦ ተራ መግባትም ይቻላል፣ ለአጨዳ ከሆነ ለወፍ የማይሆንበት ምክንያት የለም።

በልግ የምታመርቱ ደጋዎች ደግሞ አቆጣጠራችሁ ሌላ ነው። ዝናቡ ከየካቲት ጀምሮ ይጠበቃል፣ ገብሱ የሚደርሰው ሰኔና ሐምሌ ላይ ነው፣ ማለትም ልክ የዓመቱ ማጠቃለያ ፈተና ሰሞን። የመኸር አካባቢ ልጅ ኅዳር ላይ ቢቀር ለማካካስ ጊዜ አለው፣ የእናንተ ልጅ ፈተናውን ነው የሚያጣው። የፈተናውን ቀን አስቀድማችሁ ጠይቁና አጨዳውን በዚያ ዙሪያ አስተካክሉ።

አሜሪካ ያለው ልጄ ሁልጊዜ ማታ 1 ሰዓት ላይ ነበር የሚደውለው። አሁን 2 ሰዓት ሆነ። ተጣላን እንዴ?

አብሽሩ፣ ሰዓት ነው የተቀየረው። አሜሪካ በመጋቢት፣ በእነሱ ማርች ሁለተኛው እሑድ፣ ሰዓታቸውን አንድ ሰዓት ወደፊት ይገፋሉ፤ በኖቬምበር የመጀመሪያው እሑድ ይመልሱታል። በኛ አቆጣጠር የመጀመሪያው ከየካቲት 29 እስከ መጋቢት 5 ባለው እሑድ ላይ ይውላል፣ ሁለተኛው በጥቅምት የመጨረሻው ሳምንት አካባቢ ነው። ልጃችሁ ዋሽንግተን ከሆነና በምሳ ሰዓቱ፣ በእነሱ እኩለ ቀን ላይ የሚደውል ከሆነ፣ ከመጋቢት እስከ ጥቅምት እናንተ ጋ ከምሽቱ 1 ሰዓት ነው፤ ከዚያ እስከ መጋቢት 2 ሰዓት ይሆናል። እሱ ምንም አልቀየረም። ሁሌም ምሳውን ይዞ ነው የሚደውለው።

ጣት እየቆጠራችሁ ለምትደክሙ አቋራጭ አለ። ለዋሽንግተን በኛ ሰዓት ከሚነበበው ላይ እዚያ ብርዱ ወቅት ሲሆን 2፣ ሙቀቱ ወቅት ሲሆን 1 ቀንሱ። የእነሱ ሰዓት እሱ ነው፤ የኛ ጠዋት የእነሱ ሌሊት፣ የኛ ማታ የእነሱ ቀን። ጥር ላይ እኛ ጋ ከጠዋቱ 3 ሰዓት ከሆነ እዚያ ከሌሊቱ 1 ሰዓት ነው፣ በእነሱ አነጋገር። እንግዲህ አትደውሉ። ለሎስ አንጀለስና ለሲያትል 5 እና 4 ቀንሱ። አሪዞና ያለ ዘመድ ካላችሁ እሱ አካባቢ በአብዛኛው ሰዓት አይቀይርም፣ ዓመቱን ሙሉ ያው ነው።

አውሮፓ በማርችና በኦክቶበር የመጨረሻው እሑድ ይቀይራል። ለንደን በብርዱ ወቅት ከኛ 3 ሰዓት፣ በሙቀቱ 2 ሰዓት ወደኋላ ናት። ጀርመን፣ ጣሊያን፣ ስዊድን 2 እና 1። አሜሪካና አውሮፓ የሚቀይሩት በአንድ ቀን ስላልሆነ መጋቢት ላይ ለሁለት ወይም ለሦስት ሳምንት፣ ጥቅምት ላይ ለአንድ ሳምንት የተለመደው ልዩነት ይዛባል። አንዱ ልጅ ለንደን ሌላው ዋሽንግተን ሆኖ ሦስታችሁ በቪዲዮ የምትገናኙ ከሆነ፣ በነዚያ ሳምንታት አንዱ ሁሌም ይቀራል። ቀድማችሁ ተነጋገሩ።

አረብ አገር ላሉትስ?

ለሳዑዲ፣ ለኩዌትና ለኳታር ሒሳብ የለም፣ ከኛ ጋር እኩል ናቸው፣ ሰዓትም አይቀይሩም። ዱባይና ኦማን ዓመቱን ሙሉ አንድ ሰዓት ይቀድሙናል። ሊባኖስ ትቀይራለች፤ በብርዱ ወቅት ከኛ አንድ ሰዓት ወደኋላ፣ በሙቀቱ ከኛ እኩል። በ2023 እ.ኤ.አ. እንዲያውም መንግሥታቸው ለረመዷን ብሎ ለውጡን አዘገየ፣ ግማሹ ሕዝብ አልቀበልም አለ፣ ቤይሩት ለጥቂት ቀናት ሁለት ዓይነት ሰዓት ይዛ ኖረች።

ግን ከሰዓቱ ይልቅ የሥራዋን ጠባይ እወቁ። የሰው ቤት የምትሠራ ልጅ ስልክ የምትይዘው የቤቱ ሰዎች ሲተኙ ነው፣ እኛ ጋ ከሌሊቱ 5 ወይም 6 ሰዓት ሊሆን ይችላል። በረመዷን ደግሞ እዚያ ቀኑ ጸጥ ይልና ሌሊቱ ሥራ ይሆናል፣ እሷም ከስሑር በኋላ ነው አረፍ የምትለው። በዚያ ወር "ለምን አልደወልሽም" አይባልም። ኢሞ ላይ ድምፅ ቀድታችሁ ተዉላት፣ የልጇን ድምፅ አስገቡበት፣ ስትችል ትሰማዋለች። እቤት ያለችው እናቷ ደግሞ በየሌሊቱ ስልክ እየጠበቀች እንዳትቀመጥ በሳምንት አንድ የታወቀ ቀን ይኑር። የቀረው ቀን ስልኩ ሌላ ክፍል ይደር።

በቤታችን ግማሹ ሙስሊም ግማሹ ክርስቲያን ነው። ሁዳዴና ረመዷን ሲገጥሙ ምግብ ስንት ጊዜ ነው የሚሠራው?

ወሎ ውስጥ የማይጠየቅ ጥያቄ አይደለም። በ2018 ዓ.ም. የካቲት ላይ ሁለቱም በአንድ ሳምንት ገቡ፤ እማማ ለስሑር ሌሊት ይነሳሉ፣ አክስትየዋ ኪዳን ለማድረስ ትነሳለች፣ ኩሽናው መብራቱ አይጠፋም። እንደ እውነቱ ከሆነ ሲገጥሙ ነው የሚቀለው። ቀን ላይ ምድጃ የሚጠብቅ ትልቅ ሰው የለም። ዋናውን ምግብ 9 ሰዓት ላይ ለሚፈታው ሠርታችሁ ያንኑ ለመግሪብ አሙቁት፦ ምስር ወጥ፣ ሽሮ፣ አትክልት፣ ምስር የተሞላ ሳምቡሳ፣ ተምር። ሁሉም ለሁለቱም ይሆናል። ሥጋ የገባበትን የሙስሊሙን ሾርባ በሌላ ድስት ትሠራላችሁ፣ ልዩነቱ እሱ ብቻ ነው። ትንንሾቹ ልጆች ግን ይረሳሉ። እነሱ በተለመደው ሰዓታቸው ምሳቸውን ይብሉ፣ አፍጥር ድረስ "ትንሽ ጠብቁ" አይባሉ።

ረመዷን በየዓመቱ ከ10 እስከ 12 ቀን ወደፊት እየቀደመ ስለሚመጣ ይህ መገጣጠም አይቆይም። በ2019 ዓ.ም. ረመዷን ሊወጣ ሲል ነው ሁዳዴ የሚገባው፣ የካቲት 29። ያኔ ኩሽናው ወደ ሦስት ወር ገደማ በተከታታይ ጾመኛ ይኖረዋል፣ ለእሱ ከወዲሁ ምስርና ሽሮ አዘጋጁ። በኛ አካባቢ የጾሙ ቀን ርዝመት ከወቅት ወቅት ብዙም ስለማይለይ፣ ክረምት ላይ ሆነ በጋ ላይ ስሑርና አፍጥር በትንሹ ነው የሚንቀሳቀሱት።

የስኳር ወይም የደም ግፊት መድኃኒት የሚወስድ ሰው ካለ የመድኃኒቱን ሰዓት በራሳችሁ አታዘዋውሩ። ጾሙ ሳይገባ ሐኪም ጋ ሂዱ።

ለገና ከውጭ የሚመጡ እንግዶቻችን ቀን ይተኛሉ፣ ሌሊት ይነሳሉ።

ሰውነታቸው ገና አገሩን አልቀየረም። ከዋሽንግተን የመጣ ሰው 8 ሰዓት ነው የሚጎድለው፣ በደንብ ለመልመድ ሳምንት ሊፈጅበት ይችላል። ጠዋት ፀሐይ ላይ አውጡት፣ ቀን ላይ ከግማሽ ሰዓት በላይ አታስተኙት፣ ቡና ከ8 ሰዓት በኋላ አትስጡት። ይሄ የመጨረሻው ወሎ ውስጥ እንደማይሳካ አውቃለሁ፤ ጎረቤቱ ሁሉ ቡና ጠጡ እያለ ይጠራል። ቢያንስ ሦስተኛውን ይለፈው። ላሊበላ ገናን የሚያድር ከሆነ ደግሞ ጭንቀት የለም፣ ሌሊቱን ሙሉ ነቅቶ የሚያድር ሰው ነው የሚፈለገው።

ቲኬቱ ላይ "ማክሰኞ 01፡30" ይላል። መቼ ነው ቦሌ መድረስ ያለብን?

ሰኞ ማታ። ብዙ ሰው በረራ የሚያመልጠው እዚህ ላይ ነው፣ ስለዚህ ቀስ ብላችሁ አንብቡ። ቲኬት የሚጻፈው በውጭ አቆጣጠር ነው፤ 01፡30 ማለት በኛ ከሌሊቱ 7 ሰዓት ተኩል ነው። በእነሱ ቀኑ የሚቀየረው እኩለ ሌሊት ላይ ስለሆነ ያ ሌሊት ማክሰኞ ተብሎ ይጻፋል። ለኛ ግን ገና ሰኞ ሌሊት ነው፣ ማክሰኞ የሚባለው ሲነጋ ነው። "ማክሰኞ ሌሊት" ብሎ የሚመጣ ሰው አንድ ቀን ሙሉ ዘግይቶ ይደርሳል።

ከደሴ አዲስ አበባ 400 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፣ በክረምት መንገዱ ጉምና ጭቃ አለው። በመኪና ከሆነ እሑድ ጠዋት ተነሱ፣ አዲስ አበባ እደሩ፣ ሰኞ ማታ 4 ሰዓት ተኩል ላይ ቦሌ ሁኑ። ፓስፖርቱን ሻንጣ ውስጥ ሳይሆን እጃችሁ ላይ ያዙ።